የአንባቢያን ጥያቄ፦ በዝተናል፤ ግን ተቆጥረናል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ምርጫ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ጥያቄው ለብዙ ዓመት ሲያብሰለስለኝ የኖረ ስለሆነ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሽበርን፣ ቨርጂኒያ ነው። ወደዚህ አገር የመጣሁት በስድስት ዓመቴ ነው፤ አሁን 24 ሞልቶኛል። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪና ውስጥ ከአባቴ ጋር ተከራከርን። እኔ «ቨርጂኒያን የቀየርናት እኛ ከውጭ የመጣነው ነን። ቁጥራችን በጨመረ መጠን ዴሞክራቶች እያሸነፉ፣ ሪፐብሊካኖች እየደከሙ ይሄዳሉ» አልኩት። እሱ ደግሞ «አሥራ ስምንት ዓመት ስኖር አንድ ተወዳዳሪ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም። ብንበዛ ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። ማናችን ነን ትክክል?
ከአሽበርን

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለታችሁም እውነት ይዛችኋል። የአባትሽ ግን ከበድ ይላል።

ካንቺ ልጀምር። እኔ አርሊንግተን የገባሁት በ1991 ነው። ብዙም ሳልቆይ ታክሲ መንዳት ጀመርኩ። ሰው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አድርሼ ትንሽ አለፍ ካልኩ፣ ዛሬ እናንተ የምትኖሩበት ሰፈር ሜዳ ነበር። እርሻ፣ የፈረስ አጥር፣ ከዚያ ወዲያ ጨለማ። አሽበርን ያለችበት የላውደን ካውንቲ ሕዝብ በ1990 ቆጠራ 86 ሺህ ነበር። በ2020 ቆጠራ 421 ሺህ ሆነ። አውሮፕላን ማረፊያው፣ የመንግሥት ኮንትራት የሚሠሩ ድርጅቶችና የኢንተርኔት ኩባንያዎች ሰውን ጎትተው አመጡት። ዛሬ ከአምስት ነዋሪ አንዱ ዘሩ ከእስያ ነው።

ምርጫውም አብሮ ተገለበጠ። ከ1968 እስከ 2004 ቨርጂኒያ በፕሬዚዳንት ምርጫ ለዴሞክራት አንድም ጊዜ አልሰጠችም። በ2004 ጎረቤታችን ፌርፋክስ ካውንቲ ለዴሞክራቱ ጆን ኬሪ ድምፅ ስትሰጥ ከ40 ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር። ላውደን ግን ያኔ ገና ከቡሽ ጋር ነበረች። በ2008 ኦባማ ላውደንንም ግዛቷንም ወሰዱ። በ2020 ባይደን ላውደን ላይ በ25 የመቶኛ ነጥብ ገደማ መሩ።

በመሃል የሆነውን አንድ ነገር አልረሳውም። በ2006 ክረምት ላይ ነው። ጆርጅ አለን የሚባሉ ሪፐብሊካን ሴናተር በድጋሚ ለመመረጥ እየተወዳደሩ ነበር። ለፕሬዚዳንትነት ሁሉ ይታሰቡ የነበሩ ሰው ናቸው። በግዛቷ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ሕዝብ ሰብስበው ሲናገሩ፣ ከተቀናቃኛቸው ወገን ቪዲዮ የሚቀርጽ አንድ ወጣት አዩ። ወላጆቹ ከህንድ የመጡ ናቸው። ጣታቸውን ወደ እሱ ቀስረው «ማካካ» አሉት፤ የጦጣ ዝርያ ስም ነው። ቀጥለውም «እንኳን ወደ አሜሪካ በደህና መጣህ» አሉት። ልጁ ተወልዶ ያደገው ፌርፋክስ ነው። ያን ቪዲዮ የታክሲ ሰልፍ ላይ በአንድ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ሰባት ሰዎች ተደርበን ነው ያየነው። ማንም አልተናገረም። አለን በዚያ ምርጫ በዴሞክራቱ ጂም ዌብ ከ10 ሺህ ባነሰ ድምፅ ተሸነፉ። የቨርጂኒያ መራጭ መልኩ እንደተቀየረ ፖለቲከኞች በደንብ የገባቸው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

እስካሁን ትክክል ነሽ። ግን ሁሉንም ለእኛ አትስጪ። ከሌላ ግዛት የመጣ፣ ዲግሪ ያለው፣ በመንግሥት ሥራ የሚተዳደር ነጭ አሜሪካዊም እዚያው ላውደን ሰፍሯል። ሌላው ደግሞ ማንም ሳይመጣ ማንም ሳይሄድ የሚለወጥ አለ። የድንጋይ ከሰል አገር የሆነውን ቡካነን ካውንቲን እይ። በ2004 ኬሪን መርጦ ነበር። በ2020 ከአምስት ሰው አራቱ ለትራምፕ ሰጡ። እዚያ ስደተኛ አልጎረፈም፤ እንዲያውም ሕዝቡ እየቀነሰ ነው። ማዕድኑ ተዘጋ፣ ልጆቹ ተሰደዱ፣ የቀረው ሰው ልቡ ከዴሞክራቶች ሸሸ። ስለዚህ ግዛቷን ሁለት ኃይሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጎትቷት ኖረዋል። ሰሜኑ ሰው ስለበዛበት አሸነፈ።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ።

ከ2008 ጀምሮ ፌርፋክስ ውስጥ በምርጫ ጣቢያ አስፈጻሚነት እሠራለሁ። ያን የመጀመሪያ ቀን አልረሳውም። ገና ሳይነጋ ሰልፉ የትምህርት ቤቱን ግቢ ዞሮ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። የኛ ሰዎች ብዙ ነበሩ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው ድምፅ ከሰጡ በኋላ በሩ ላይ ቆመው ሲጸልዩ አይቻለሁ። ልክ በዓመቱ፣ በ2009፣ የአገረ ገዢ ምርጫ ነበር። ያው አዳራሽ፣ ያው ጠረጴዛ። ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ሰው ሳይገባ የቀረበት ጊዜ ነበር። የሐበሻ ስም ያነበብኩት በጣት የሚቆጠር ነው።

በ2008 ቨርጂኒያ ውስጥ 3.7 ሚሊዮን ሰው ድምፅ ሰጠ። በ2009 የሰጠው 2 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ሪፐብሊካኑ ቦብ ማክዶኔል ከ17 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት አሸነፉ፤ ፌርፋክስን ሳይቀር ወሰዱ። በአንድ ዓመት ውስጥ የፌርፋክስ ሕዝብ ተቀየረ እንዴ? አልተቀየረም። ስደተኛው እዚያው ነበር። ቤቱ ተኝቶ ወይም ሥራ ላይ ሆኖ ዋለ እንጂ።

ልጄ፣ የሕዝብ ብዛት ድምፅ የሚሆነው ሦስት ወንፊት ካለፈ በኋላ ነው። ዲቪ ደርሶት የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት በግሪን ካርድ ይቆያል፤ ከዚያ ለዜግነት ያመለክታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ክፍያው፣ ፈተናው፣ «ነገ ዛሬ» ማለቱ አለ። ዜጋ ከሆነ በኋላ መመዝገብ አለ። ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ በዚያች የምርጫ ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ወይም ቀደም ብሎ ሄዶ መምረጥ አለ። የሕዝብ ቆጠራው አንድ መቶ ሰው ያለበት ሰፈር፣ ምርጫ ጣቢያ ላይ ሠላሳ ሰው ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ፓርቲ የሚያየው ሠላሳውን ነው።

የአባትሽ በር ለምን እንዳልተንኳኳ ልንገርሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰው ሲመዘገብ የፓርቲ ስም አይጠየቅም። ፓርቲዎች የሚያገኙት ዝርዝር ማን በየትኛው ምርጫ እንደወጣ ይናገራል፤ ለማን እንደሰጠ ግን አይናገርም። እንደ እድር መዝገብ ውሰጂው። የእድር ጸሐፊ ቀብር ላይ ማን እንደመጣ ይጽፋል እንጂ ማን ምን ያህል እንዳለቀሰ አይጽፍም። በር የሚያንኳኳው ልጅ ይህ ዝርዝር ስልኩ ላይ ተጭኖለት ነው የሚወጣው። አቅሙ ውስን ነው፤ በአንድ ከሰዓት ሁሉንም ቤት አይደርስም። ስለዚህ ዘወትር ወደሚወጣ ሰው ይሄዳል። ያልተመዘገበበትን ወይም በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የሚመርጥ ሰው ያለበትን ቤት ዘሎ ያልፋል። ቨርጂኒያ ደግሞ በየዓመቱ ምርጫ አላት። አገረ ገዢው፣ የግዛቷ ምክር ቤት፣ የካውንቲው ቦርድ፣ የትምህርት ቤት ቦርድ የሚመረጡት በአብዛኛው በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት ነው። እስኪ አባትሽን ጠይቂው፦ በ2017 ወጥቶ ነበር? በ2019ስ? በ2023ስ?

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አንዴ አንድ ወጣት ቤቴ መጣ። ዝርዝሩ ላይ የእኔ፣ የባለቤቴና የልጄ ስም ነበር። በኛ አጠራር ባለቤቴ የአባቷን ስም ነው የያዘችው፤ ልጄ ደግሞ በእኔ ስም ይጠራል፤ የእኔ ደግሞ በአባቴ። ሦስታችንም «የቤተሰብ ስማችን» ይለያያል። ልጁ ሦስት ተከራዮች መስለነው «ከእናንተ ቤቱ የማን ነው?» አለ። ሻይ አፍልተን አስረዳነው። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። እኛን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አለ፤ መጀመሪያ ግን ዝርዝሩ ላይ መገኘት አለብን።

አሁን አንቺ «ሪፐብሊካኖች እየደከሙ ይሄዳሉ» ላልሽው። ይህን ከ2008 በኋላ ብዙ አዋቂ የተባሉ ሰዎችም ብለውት ነበር። አልሆነም። ፓርቲ ተሸንፎ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ መራጩን ተከትሎ ራሱን ይለውጣል። በ2021 ሪፐብሊካኖች ከግሌን ያንግኪን ጋር ጃማይካ የተወለዱትን ዊንሰም ሲርስንና እናታቸው ከኩባ የመጡትን ጄሰን ሚያሬስን አሰልፈው የአገረ ገዢውን፣ የምክትሉንና የዐቃቤ ሕጉን ሦስቱንም ወንበር ወሰዱ። በ2024 ካማላ ሃሪስ ቨርጂኒያን ቢያሸንፉም ልዩነቱ 6 ነጥብ አልሞላም፤ ባይደን ከአራት ዓመት በፊት በ10 ነበር ያሸነፉት። ላውደን ውስጥ ከውጭ የመጣው ሰው በብዛት በሚኖርባቸው ሰፈሮች ጭምር ድምፅ ወደ ትራምፕ ሸሽቷል። ኑሮ ተወዶበት ነው። ደግሞ በ2025 ተገለበጠ። ዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር በ15 ነጥብ ገደማ ልዩነት የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዢ ሆነው ተመረጡ። ሃይደራባድ፣ ህንድ የተወለዱት ጋዛላ ሃሽሚ ደግሞ ምክትላቸው ሆኑ። በዚያ ዓመት የፌዴራል ሠራተኛ ከሥራ እየተባረረ ነበር፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ የምትበላው ከዚያ ነው።

ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው ሕዝቡ ያው ነው። የተለወጠው ሐሳቡ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው የማንም ፓርቲ ንብረት አይደለም። «እነዚህ የኛ ናቸው» ብሎ የሚያስብ ፓርቲ በርሽን አያንኳኳም፤ «እነዚህ መቼም የኛ አይሆኑም» የሚልም አያንኳኳም። ሁለቱም የሚመጡት የሚወጣና ገና ያልወሰነ መራጭ ያለ ሲመስላቸው ነው። አባትሽን በሚቀጥለው ምርጫ ይዘሽው ውጪ። ከዚያ በሩን ማን እንደሚያንኳኳ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ በ2021 የአገረ ገዢ ምርጫ «ያንግኪንን ያስመረጥነው እኛ ኢትዮጵያውያን ነን» ሲባል ነበር። እኔም በዚያ ዘመቻ በራሪ ወረቀት ካደሉት አንዱ ነኝ። በእውነት እኛ ነን የወሰንነው?
ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ለድካምዎ አክብሮት አለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፤ የወሰንነው እኛ አይመስለኝም።

ለማያስታውሱ አንባቢዎች፦ በአገር ቤት ጦርነት ነበር። የባይደን አስተዳደር በኢትዮጵያ ላይ የያዘው አቋም ብዙዎችን አስቆጣ። ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ ተጠቃሚነት እንደምትወጣ ዋሽንግተን ያስታወቀችው በዚያው በምርጫው ቀን፣ ኖቬምበር 2 ነበር። አሜሪካን ኢትዮጵያን ፐብሊክ አፌርስ ኮሚቴ የተባለው ማኅበር ለያንግኪን ድጋፉን ሰጠ። ከዚህ ማዶ ደግሞ የዚያ አስተዳደር ጫና እንዲቀጥል የሚሹ የትግራይ ተወላጅ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። የእነሱንም ሐዘን ረስተን ስለ «እኛ» ባናወራ ደስ ይለኛል።

ሒሳቡን እንሥራ። ያንግኪን ዴሞክራቱን ቴሪ ማኮሊፍን የበለጡት በ64 ሺህ ድምፅ ያህል ነው። አንድ ሰው ድምፁን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዞር ልዩነቱ በሁለት ይቀየራል። ስለዚህ ውጤቱን እኛ ገለበጥነው ለማለት 32 ሺህ ያህል ኢትዮጵያዊ፣ ዜጋ የሆነ፣ የተመዘገበ፣ በዚያ ቀን የወጣ፣ ለዴሞክራት ሊሰጥ የነበረ፣ ሐሳቡን የቀየረ መገኘት አለበት። ስንት ወንፊት እንዳለ ከላይ ተናግሬያለሁ። የምርጫ ቀን መጠይቆች ደግሞ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ሳጥን የላቸውም፤ ጥቁር ብለው ነው የሚጽፉን። ያንን ምርጫ ያዞሩት በዋናነት የትምህርት ቤት ጉዳይና በባይደን ላይ የነበረው ቅሬታ ናቸው። ላውደን ውስጥ የ25 ነጥቡ ልዩነት ወደ 11 የወረደው ከእኛ በላይ ብዙ ሰው ሐሳቡን ስለቀየረ ነው።

ግን ሥራችሁ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ከዚያ በፊት ታክሲ የምንነዳና ምግብ ቤት የምንከፍት ሰዎች ብቻ ነበርን። ከዚያ በኋላ የሁለቱም ወገን ሰዎች ወደ ስብሰባችን መጡ፤ «ኢትዮጵያዊው መራጭ» የሚል ቃል በፖለቲከኞች አፍ ገባ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቁጥራችን በእርግጥ ሊወስን የሚችልበትን ቦታ ላሳይዎ። የቨርጂኒያ ተወካዮች ምክር ቤት 100 ወንበር አለው፤ አንዱ ወንበር 86 ሺህ ሰው ያህል ይወክላል። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የኛ ሰው የሞላባቸው ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች ያሉበትን ወረዳ ያስቡ። በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰው የሚወጣው ጥቂት ሺህ ነው። እዚያ አምስት መቶ ሰው ከባድ ነው። በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ውስጥ የሆነውን ያውቃሉ? ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። በጃንዋሪ 2018 ስማቸው የፎቶ ፊልም በሚያዝባት ትንሽ ቆርቆሮ ተከቶ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገብቶ ዕጣ ወጣ። ዕጣው ለሪፐብሊካኑ ደረሰ፤ ፓርቲውም ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዞ ቀረ። አንድ ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ ቢሄድ ኖሮ ዕጣ አያስፈልግም ነበር።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ማሽኑ የምርጫ ምዝገባ ጥያቄ አመጣልኝና ሳላስተውል «አዎ» ነካሁ መሰለኝ። ችግር አለው?
ከዉድብሪጅ

መልስ፦ አለው፤ ስለዚህ ነገ ሳይሉ ዛሬ ይንቀሳቀሱ። ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብ፣ ይባስ ብሎ ድምፅ መስጠት፣ ዜግነት ሊያስከለክል አልፎም ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። የምርጫ ካርድ በፖስታ ቢመጣልዎም አይምረጡ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ፤ ስምዎ መመዝገብ አለመመዝገቡን አረጋግጦ እንዲሰረዝ በጽሑፍ ይጠይቅልዎ። የዜግነት ማመልከቻ ከመሙላትዎ በፊት ይህን ይጨርሱ። ጓደኛ «ምንም አይደለም» ቢልዎ አይስሙት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ዜግነት አገኘች፤ ፈተናውን በአማርኛ ነው የወሰደችው። እንግሊዝኛ አታነብም። እግሯንም ያማታል። መምረጥ በጣም ትፈልጋለች፤ ግን «ወረቀቱን አላውቀውም፣ እዋረዳለሁ» ትላለች። አብሬያት መግባት እችላለሁ?
ከአናንዴል

መልስ፦ ትችያለሽ፣ ልጄ። ለእማማ እንኳን ደስ ያለዎት በይልኝ።

በአማርኛ መፈተናቸው ትክክል ነው። 55 ዓመት ሞልቶት በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ፣ ወይም 50 ሞልቶት 20 ዓመት የኖረ ሰው በቋንቋው መፈተን ይችላል። ይህን የማያውቁ ስንት እናቶች ቤት ተቀምጠዋል! ጎረቤት ካለሽ ንገሪ።

የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ግን በአማርኛ አይመጣም። የፌዴራሉ ሕግ የቋንቋ እርዳታ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ ቋንቋዎችና ለአገሬው ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ብቻ ነው። ፌርፋክስ ውስጥ በቬትናምኛ ታገኛለሽ፤ በአማርኛ ግን ቁጥራችን የቱንም ያህል ቢያድግ ሕጉ አያስገድድም፤ የአፍሪካ ቋንቋዎች ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ይህ ያሳዝነኛል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ያገለግላሉ። ወንዙን ተሻግረው ያሉ ሰዎች ያገኙት ነገር እኛም ልንጠይቀው የምንችለው ነው።

አንቺን የሚያስገባሽ ሌላ ሕግ ነው። ማንበብ የተቸገረ መራጭ የፈለገውን ሰው ረዳት አድርጎ መያዝ ይችላል፤ አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ብቻ አይሆኑም። ጠረጴዛው ጋ ስትደርሱ የእርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ይሰጣችኋል፤ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ከዚያ እያነበብሽ ትተረጉሚላቸዋለሽ። ያሉሽን ትሞያለሽ። እሳቸው ያላሉትን አትሞዪም፤ አንቺ የማትወጂውን ሰው ቢመርጡም እንኳ። ቤት ሆናችሁ የናሙናውን ወረቀት ከካውንቲው የምርጫ ቢሮ አውጥተሽ አብራችሁ አጥኑት፤ ፍርሃቱ ግማሹ እዚያው ይቀራል።

እግራቸውን ካመማቸው ከመኪና መውረድ የለባቸውም። ቨርጂኒያ ውስጥ 65 ዓመት የሞላው ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ መምረጥ ይችላል። ወጥተን ወረቀቱን እናመጣላቸዋለን። ወረፋ ካልወደዱ ደግሞ ቀድሞ መምረጥ ከምርጫው ቀን 45 ቀን በፊት ይጀምራል።

በዕለቱ እገባለሁ ካሉም ደስ ይለናል። ጣቢያው በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈትና ማታ 1 ሰዓት ይዘጋል። መታወቂያቸውን አትርሺ። ሰልፍ ካለ ወንበር ጠይቂላቸው፤ ወንበር አለን።